ቀጭ ያለ መንጋጭላ ሁሉ አልወለቀም

ጎንደር፣ አራዳ፣ ጎረቤት ቤት ቡና ላይ ነን። ከቅዳሜ ገበያ የመጣ የሽምብራና የገብስ ቆሎ ቀረበ። የቤቱ ባለቤት እማማ የሚያኝኩት በቀኝ ብቻ ነው። የግራ መንጋጋ ጥርሳቸው ከተነቀለ ቆይቷል። አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ከጆሯቸው ፊት «ቀጭ» ይላል። ይኼኔ ሁሉም ሐኪም ሆነ።

«ወልቋል፤ ወጌሻ ይመልሰው!»

የወለቀ መንጋጭላ እኮ አፍ አያስዘጋም። እማማ ደግሞ ወሬውን ይዘውታል። ከጆሮ ፊት፣ በመንጋጭላውና በራስ ቅሉ አጥንት መሃል ዲስክ የሚባል ስስ ትራስ አለ። ይህ ትራስ ወደ ፊት ሸሸት ካለ፣ አፍ ሲከፈት የአጥንቱ ራስ ተመልሶ ከሥሩ ይገባል። ቀጭ የሚለው ያኔ ነው። ካላመመና አፍ እንደልብ ከተከፈተ አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናም አይፈልግም።

«የትልቅ ሰው አጥንት አይለወጥም።»

ይህን እኔም አምን ነበር። የመንጋጭላው አጥንት ራስ የለበሰው ልም አጥንት ከጉልበት መገጣጠሚያው ይለያል፤ ክር የበዛበት ነው። ውስጡ ያሉት ሕዋሳት ጫና ሲቀየር ያውቃሉ። አንዱ ጋ ይገነባሉ፣ ሌላው ጋ ያፈርሳሉ። ስለዚህ ጥርስ ተነቅሎ አነካከስ ሲዛባ የመገጣጠሚያው ቅርጽ ቀስ በቀስ ሊለወጥ ይችላል።

እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ዲስኩ ከቦታው ሲሸሽ ጫናው ከኋላው ባለው ለስላሳ፣ ደም ሥር የበዛበት ሥጋ ላይ ያርፋል። አንዳንዱ ሰው ላይ ያ ሥጋ ደም ሥሩ እየቀነሰ፣ ክሩ እየበዛ፣ እርፍ እንደለመደ የገበሬ መዳፍ ይጠነክራል። ያልተሾመ ዲስክ በሉት። ልክ ግን አለው። ጫናው ከጥገናው ከቀደመ መፈረካከስ ይመጣል።

«በቀኝ ካኘኩ ግራው ያርፋል።»

የት አባቱ ያርፋል! ሁለቱም የአንድ አጥንት ጫፎች ናቸው። በአንድ ጎን ስናኝክ፣ ሥራ ፈት የሚመስለው ማዶ ያለው መገጣጠሚያ ብዙ ጊዜ የባሰውን ጫና ይሸከማል።

«እንግዲያው አጥሚት ብቻ ይጠጡ!»

ሕመም ሲነሳ ለጥቂት ቀን፣ እሺ። ለዘለቄታው ግን አይሆንም። ለስላሳ ምግብ ብቻ እየተሰጣቸው ያደጉ የላቦራቶሪ አይጦች የመንጋጭላቸው ልም አጥንት ሳስቶ ተገኝቷል።

በመጨረሻ እማማን ሦስት ጣት ደርበው ከፊት ጥርሶቻቸው መሃል እንዲያስገቡ ጠየቅኳቸው። ጤነኛ አፍ 40 ሚሊ ሜትር ያህልና ከዚያም በላይ ይከፈታል። ገባ። ቀጭ አለ።

«በሉ ቶናው ደርሷል» አሉና በቀኛቸው ቆሎ ቆረጠሙ።