«ፀሐይ በላው» ሲባል ምንድን ነው?

ለፋሲካ ቤት ስናጸዳ መጋረጃውን አውርደን አጠብነው። እማዬ ዘርግታ አየችውና «በቃ፣ ፀሐይ በላው» አለች። ደማቅ ቀይ የነበረው ጨርቅ ከላይ እስከ ታች ሸንተረር አውጥቷል። እጥፋቱ ውስጥ ተደብቆ የኖረው አሁንም ቀይ ነው፣ ወደ መስኮቱ የወጣው ግን ቀጭን ሻይ መስሏል። እኔ መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሳሙናውን ነበር። ግን ሳሙና እጥፋት መርጦ አያነጣም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል። ጨርቅ ቀለም ሲለቅ ውሃው ይቀላል፣ አብሮት የተዘፈዘፈው ነጭ ሸሚዝም ሮዝ ሆኖ ይወጣል፤ ቀለሙ ከክሩ ወጥቶ ሌላ ቦታ ሄዷል። ፀሐይ ስትበላው ቀለሙ እዚያው ክሩ ውስጥ እንዳለ ይሰባበራል። ለዚህ ነው ጨውም ሆነ ኮምጣጤ የማይመልሰው።

ለምን ይሰባበራል? ቀይ ጨርቅ ቀይ ሆኖ የሚታየን ካረፈበት ብርሃን ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ውጦ ቀዩን ስለሚመልስልን ነው። ብርሃን ካልዋጠ ቀለም የለውም፣ የሚጎዳውም ያው የሚውጠው ብርሃን ነው። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። የዋጠውን ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሙቀት ለውጦ ያስወጣዋል። አልፎ አልፎ ግን ጉልበቱ ሳይወጣ የቀለሙ ሞለኪውል ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይገናኛል፣ አተሞቹን ያያያዘው ማሰሪያ ይበጠሳል፣ ያ ሞለኪውል ከዚያ ወዲያ የሚታይ ብርሃን መዋጥ አይችልም። አንዱ ቢበጠስ ማንም ልብ አይልም። ከቀን ወደ ቀን እየተጠራቀመ ሁለት ሦስት ዓመት ሲሞላው ግን ያው መጋረጃችን ነው።

ከሁሉም የባሰው አልትራቫዮሌት የሚባለው በዓይን የማይታይ የፀሐይ ጨረር ነው፣ ጉልበቱ ከሚታየው ብርሃን ይበልጣል። የምንኖርባት አዳማ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ይህ ጨረር በ10 በመቶ አካባቢ ይጨምራል። ለምድር ወገብም ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ አናታችን ላይ ትቆማለች። «መስታወት አለው እኮ» የሚል አለ። መስታወት የተወሰነውን ጨረር ያስቀራል እንጂ ብዙውን ያሳልፋል፣ የሚታየውን ብርሃንማ ጭራሽ አይከለክልም።

ቀለም ሁሉ እኩል አይደለም። በእርድ የተነከረ ጨርቅ ፀሐይ ላይ ብዙም አይቆይም። ክሩ ገና ሲሠራ ቀለም የተቀላቀለበት ሰው ሠራሽ ጨርቅ ግን ብዙ ዓመት ይቋቋማል፣ ለጥላና ለድንኳን የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ፋብሪካዎች ይህን የሚለኩት ስምንት ሰማያዊ የሱፍ ቁራጮችን ከሚፈተነው ጨርቅ ጋር ኃይለኛ መብራት ሥር በማስቀመጥ ነው። 1 ቁጥር ቶሎ ይነጣል፣ 8 ቁጥር ከሁሉም ይዘገያል፣ እያንዳንዱም ከፊተኛው እጥፍ ያህል ይቆያል። የጨርቁ ቁጥር አብሮት እኩል የነጣው ቁራጭ ቁጥር ነው። ለመጋረጃ ብዙውን ጊዜ 5 እና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። ሱቅ ስትሄዱ ጠይቁ፣ ባለሱቁ ባያውቀው እንኳ ጥቅሉ ላይ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል።

ልብስ ስታሰጡ ደግሞ ገልብጡት። እርጥብ ጥጥ ፀሐይ ላይ ሲውል ጉዳቱ ይፈጥናል፣ ስለዚህ ባለቀለሙን ጥላ ሥር አስጡት። አዳማ ላይ እንደሆነ ነፋሱ ራሱ ያደርቀዋል። እኛም አዲሱን መጋረጃ ከጀርባው ነጭ ገበር አሰፍተንለታል፣ ፀሐይዋ መጀመሪያ የምታገኘው ቀለም የሌለውን ጨርቅ ነው።