ኦርቢታል ምንድን ነው? የፖታሲየም 19ኛዋ ኤሌክትሮን ለምን 4ኛ ሼል ገባች?

ኬሚስትሪ ስንማር ሼሎች 2፣ 8፣ 8 እያሉ ይሞላሉ ተብሎ እንሸመድዳለን፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ 3ኛው ሼል እኮ 18 ነው የሚይዘው ይባላል፣ ከዛ ሁሉም ነገር ይምታታል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የሚያምታታው ሼሉ ውስጥ ያለውን ክፍፍል ስለምንዘለው ነው።

ሼል የኢነርጂ ደረጃ ነው፣ ውስጡ እንደ ሼሉ ቁጥር ኤስ፣ ፒ፣ ዲ፣ ኤፍ የሚባሉ ሰብሼሎች (ንዑስ ክፍሎች) አሉ (1ኛው ኤስ ብቻ፣ 2ኛው እስከ ፒ፣ 3ኛው እስከ ዲ)፣ እነሱ ውስጥ ደግሞ ኦርቢታሎች አሉ፦ ኤስ 1፣ ፒ 3፣ ዲ 5፣ ኤፍ 7። ኦርቢታል ሲባል ኤሌክትሮኗ እንደ ፕላኔት የምትዞርበት መስመር እንዳይመስላችሁ፣ እሷን የማግኘት ዕድል ከፍ የሚልበት አካባቢ ማለት ነው። አንድ ኦርቢታል ከ2 በላይ አይይዝም፣ እነሱም ስፒናቸው (ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ተብሎ የሚገለጽ የኤሌክትሮን ባህሪ) ተቃራኒ መሆን አለበት፣ ይሄ የፊዚክስ ሊቁ ፓውሊ እ.ኤ.አ. በ1925 ያወጣው ህግ ነው። ስለዚህ 3ኛው ሼል 3ኤስ ላይ 2፣ 3ፒ ላይ 6፣ 3ዲ ላይ 10፣ በቃ 18 መጣ።

አሁን ፖታሲየም ጋ እንምጣ። 19 ኤሌክትሮን አለው፣ 18ቱ እስከ 3ፒ ድረስ ሞልተው ያልቃሉ፣ 19ኛዋ ግን 3ዲ ባዶውን ቁጭ ብሎ እያለ 4ኤስ ትገባለች! ለምን ቢባል የ4ኤስ ኤሌክትሮን ብዙውን ጊዜ ውጪ ብትሆንም ኒውክለሱ አጠገብ የመገኘት ዕድልም አላት፣ እዛ ስትደርስ የውስጠኞቹ ኤሌክትሮኖች ከለላ ስለማይጋርዳት የፕሮቶኖቹ ስበት በደንብ ያገኛታል፣ በዚህም ኢነርጂዋ ይወርዳል፣ 3ዲ ላይ ብትሆን ግን ያን ያህል ወደ ውስጥ አትጠጋም። ካልሲየም 20ኛዋን እዛው 4ኤስ ላይ ያስገባል፣ 3ዲ መሞላት የሚጀምረው ከስካንዲየም ነው። 2፣ 8፣ 8 የሚለውም የሚሰራው እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ፈተና ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል ማለት አይደለም። ብረት 26 ኤሌክትሮን አለው፣ 4ኤስ ላይ 2፣ 3ዲ ላይ 6። ፕሮቶን እየጨመረ 3ዲ መሞላት ሲጀምር የ3ዲ ኢነርጂ ከ4ኤስ በታች ይወርዳል፣ ስለዚህ ብረት 2 ኤሌክትሮን ሲያጣ የሚሄዱት የ4ኤሶቹ ናቸው። ሶስተኛ ካጣ ከ3ዲ ይወጣና 5 ይቀራሉ፣ እነሱም ጥንድ ሳይሆኑ አምስቱን ኦርቢታል አንድ አንድ ይዘው፣ ስፒናቸው ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ሆኖ ይቀመጣሉ።