ለመምረጥ 6 ወር የሚቆጠረው ከምን ጀምሮ ነው?

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የገባን ሰዎች በዚህ ነገር በጣም ግራ ስንጋባ አያለሁ። አንዲት ጎረቤቴ የቤት ውላቸውን በፌስታል ይዘው "ቤቱ በስሜ ነው፣ እዚሁ ነው የምመርጠው" ሲሉ ነበር። ግን የሚታየው ባለቤትነት አይደለም፣ መኖር ነው።

በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት 18 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር ከኖረ ይመዘገባል። ስለዚህ ቁልፉን ተቀብላችሁ፣ ቤቱን አከራይታችሁ፣ እናንተ መርካቶ የምትኖሩ ከሆነ ምዝገባችሁ እዚያው መርካቶ ነው፤ ተከራይ ሆኖ እዚህ 6 ወር የኖረ ሰው ግን ሙሉ መብት አለው፣ አከራዩንም ማስፈቀድ የለበትም። ይሄን ለተከራዮች ደጋግሜ እናገራለሁ፣ ብዙዎቹ "እኛን አይመለከትም" ብለው ይቀራሉ፣ ያሳዝነኛል።

ሌላው ምዝገባው ነው። የነዋሪነት መታወቂያ ስላላችሁ ብቻ አትመርጡም። ቀድማችሁ ተመዝግባችሁ የመራጭነት ካርድ መያዝ አለባችሁ። በዕለቱም የምትሄዱት የተመዘገባችሁበት ጣቢያ ነው፣ ለቅሶ ያደራችሁበት ሰፈር ጎራ ብሎ መምረጥ የለም። ለባል ወይም ለእናት ተወክሎም አይመረጥም። ማየት የተሳነው መራጭ ግን የሚያምነውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል።