አውቶፎከስ ፋይን ቲዩን ምንድን ነው? ሚረርለስ ካሜራስ ያስፈልገዋል?

አንዳንድ ካሜራዎች ሜኑ ውስጥ «ኤኤፍ ፋይን ቲዩን» የሚል ማስተካከያ አለ። ከ-20 እስከ +20 የሚሄድ ቁጥር ነው። ካሜራው ፎከስ ያደረገበትን ቦታ ትንሽ ወደፊት ወይም ወደኋላ ይገፋዋል። ፎቶ ብዥ ባለ ቁጥር እጃቸው ወደዚህ የሚሮጥ አሉ። ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ) ላይ ግን መጨረሻ ላይ የሚነካ ነገር ነው።

ማስተካከያው የመጣው ከዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ካለው ካሜራ) ችግር ነው። እዚያ ፎቶውን የሚያነሳው ሴንሰርና ፎከስ የሚለካው ክፍል ለየብቻ ናቸው። ከብርሃኑ የተወሰነው ዋናውን መስታወት አልፎ፣ ከኋላው ባለች ትንሽ መስታወት ተንጸባርቆ፣ ታች ወዳለው መለኪያ ይወርዳል። ይህ መንገድ ከሌንሱ እስከ ሴንሰሩ ካለው ርቀት ጋር እኩል መሆን አለበት። በጥቂቱ ከተዛነፈ ካሜራው «ይዣለሁ» ብሎ ጢጥ ይላል፤ ፎቶውን ስታዩት ግን ዓይኑ ደብዝዞ ጆሮው ጥርት ብሏል። ባክ ፎከስ የሚባለው ይሄ ነው። አፍንጫው ላይ ከሆነ ደግሞ ፍሮንት ፎከስ ይባላል። በ2007 የወጡት ካኖን 1ዲ ማርክ 3 እና ኒኮን ዲ3 ባለቤቱ ይህን ራሱ እንዲያርም ፈቀዱ።

ሚረርለስ መስታወቱን አወጣው። ፎከስ የሚለካው ፎቶውን የሚያነሳው ሴንሰር ራሱ ስለሆነ የሚዛነፍ ሁለተኛ መንገድ የለም። ለዚህም ነው በ2018 የወጣው ካኖን ኢኦኤስ አር ማስተካከያውን ጭራሽ ያልያዘው። ሶኒ ሚረርለሶች ላይ ማስተካከያው የሚሠራው የራሱ መስታወት ላለው የሌንስ አስማሚ (ሌላ ዓይነት ሌንስ መግጠሚያ) ነው። ኒኮን ግን ዚ6 እና ዚ7 ላይም ይዞት ቀጥሏል። ሌንሶች ፍጹም ስላልሆኑ ትንሽ ቋሚ ስህተት ሊተርፍ ይችላልና፣ ቢኖር አይጎዳም።

ቁልፉ «ቋሚ» የሚለው ነው። ሁልጊዜ 200 ግራም የሚያጎድል ሚዛን ይታረማል፤ በመዘነ ቁጥር ሌላ የሚናገር ሚዛን ግን በምን ቁጥር ይታረማል? ፎከሱ አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ የሚስት ከሆነ ፋይን ቲዩን ምንም አያደርግላችሁም።

የሚረርለስ ስህተት ደግሞ አብዛኛው እንዲህ ዓይነት ነው። በ85 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በኤፍ/1.4 (አፐርቸሩ፣ ማለትም የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ፣ በሰፊው ተከፍቶ)፣ ከ1.5 ሜትር ላይ ፖርትሬት ስታነሱ ጥርት የሚለው ጥልቀት 2.6 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ሰውየው ትንሽ ከተወዛወዘ አለቀ። ፎከስ ይዞ ካሜራውን ማዞርም ያው ነው። የፎከስ ሳጥኑ ሰፊ ከሆነ ካሜራው ዓይኑን ትቶ ፀጉሩን ሊመርጥ ይችላል። ሠርግ የምታነሱ ይሄን ታውቁታላችሁ፦ ሜዳው ነጭ የሆነ ነጠላ ላይ ፎከስ ሲንከራተት ይውላል፣ ጥበቡ ላይ ስታሳርፉት ግን ወዲያው ይይዛል። ካሜራው ፎከስ ለመለካት የብርሃን ልዩነት ይፈልጋል። ብዙ ሚረርለሶች አግድም መስመር ላይም ይቸገራሉ፤ ካሜራውን ትንሽ ማጋደል ይረዳል።

ሌንሱን ከጠረጠራችሁ ፈትኑት። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጋችሁ፣ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት ፊት ለፊት ቀጥ አድርጋችሁ ለጥፉ። አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። በየመሃሉ ፎከሱን እያበላሻችሁ በአውቶፎከስ ደጋግማችሁ አንሱ። ከዚያ ስክሪኑን አጉልታችሁ በእጅ ፎከስ አድርጉና አንድ አንሱ። የአውቶፎከሶቹ ሁሉ በእጅ ፎከስ ከተደረገው ፎቶ በእኩል መጠን የደበዘዙ ከሆነ ቁጥሩን በትንሽ በትንሹ ቀይሩና ድገሙት። አንዱ ጥርት፣ አንዱ ብዥ ከሆነ ሜኑውን ዝጉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አንዳንድ ሌንሶች አፐርቸራቸው ሲጠብ ፎከሳቸው ትንሽ ይንሸራተታል። በኤፍ/1.4 ያገኛችሁት ቁጥር በኤፍ/2.8 ሊያሳስታችሁ ስለሚችል፣ አዘውትራችሁ በምታነሱበት አፐርቸርም ፈትኑ። ቁጥሩ ጫፍ ደርሶም ካልበቃ ሌንሱ ጥገና ይፈልጋል።