ባሪቶን አኮስቲክ ጊታር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በባሕር ዳር፣ በጣና ዳር ሆቴሎችም ሆነ በባህል ምሽት ቤቶች፣ ጊታርና ክራር አብረው ሲጫወቱ መስማት አዲስ ነገር አይደለም። ባሪቶን አኮስቲክ ጊታር ግን ገና ብርቅ ነው፤ ብርቅ በመሆኑም ሳይሞከር ብዙ ይባልበታል። ባሪቶን የምንለው ባለ ስድስት ክር ሆኖ ከነቱ (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ ከሚያርፉበት አጥንት) እስከ ሳድሉ (ሳጥኑ ላይ ክሮቹ እስከሚያርፉበት አጥንት) ያለው የክር ርዝመት ከ27 እስከ 30 ኢንች (ከ686 እስከ 762 ሚሊ ሜትር) የሚደርሰውን ጊታር ነው። የተለመደው ጊታር 25.5 ኢንች ወይም 648 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በብዛት የሚቃኘው ከቢ እስከ ቢ ነው፤ ከወፍራሙ ስድስተኛ ክር ሲጀመር ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ቢ ማለት ነው።

«ማንኛውንም ጊታር አላልቶ ወደ ቢ ማውረድ ባሪቶን ያደርገዋል»

አያደርገውም። የክር ውጥረት የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ነው፦ በክሩ የአንድ ሜትር ክብደት፣ በርዝመቱ ካሬና በድምፁ ድግግሞሽ (ክሩ በሰከንድ በሚርገበገብበት ብዛት፣ በሄርዝ) ካሬ። ስድስተኛውን ክር ከኢ ወደ ቢ፣ ማለትም አምስት ግማሽ ድምፅ ስታወርዱ፣ ድግግሞሹ ከ82.4 ወደ 61.7 ሄርዝ ይወርዳል። ድግግሞሹ የቀነሰው በሩብ ነው፤ ውጥረቱ ግን ወደ 56 በመቶ ይወርዳል። እንዲህ የላላ ክር ሲመታ ሰፊ ቦታ እየተወዛወዘ ፍሬቱን (አንገቱ ላይ የተሰካውን ቀጭን ብረት) ይነካል። በጣት ሲጫኑት ድምፁ ወደ ላይ ይሸሻል፤ የጊታሩን የፊት ጣውላ የሚያንቀሳቅስበት ጉልበትም አይኖረውም።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ሌላኛውን ወገን ነው፤ ረጅም አንገትም ብቻውን አይበቃም። ያንኑ ክር 27 ኢንች ጊታር ላይ አድርጋችሁ ወደ ቢ ብታወርዱት ውጥረቱ ከተለመደው 63 በመቶ ብቻ ነው። 30 ኢንች ላይ እንኳ 78 በመቶ ነው። ጉድለቱን የሚሞላው የክሩ ውፍረት ነው። ስለዚህ ለባሪቶን አኮስቲክ ተብሎ የሚሸጠው እሽግ ከ0.016 እስከ 0.070 ኢንች የሚደርስ ሲሆን፣ ለተለመደው ጊታር የሚሆነው ቀላል እሽግ ግን ከ0.012 እስከ 0.053 ነው።

«የባሪቶን ክር ካልተገኘ ጊታሩ ግድግዳ ላይ መስቀል ነው»

ባሕር ዳር ባሉ ሱቆች ባሪቶን የሚል ጽሑፍ ያለበት እሽግ ባይኖርም፣ የሚያስፈልጋችሁ ከሞላ ጎደል እዚያው መደርደሪያ ላይ አለ። የባሪቶኑ ከአምስተኛ እስከ አንደኛ ያሉት ክሮች ድምፅ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ቢ ነው። ይህ ደግሞ የተለመደው ጊታር ከስድስተኛ እስከ ሁለተኛ ክር ካለው ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ ጂ የነበረው ግማሽ ድምፅ ወርዶ ኤፍ ሻርፕ መሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ የተለመደውን የ12–53 አኮስቲክ እሽግ ግዙ፤ ቀጭኑን የመጀመሪያ ክር አስቀሩና የቀሩትን አንድ አንድ ቦታ አሸጋግሩ። 53ቱ አምስተኛ፣ 42ቱ አራተኛ፣ 32ቱ ሦስተኛ፣ 24ቱ ሁለተኛ፣ 16ቱ አንደኛ ይሆናል። ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ማስመጣት ያለባችሁ ለስድስተኛው የሚሆን አንድ ባለ 0.070 የአኮስቲክ ክር ብቻ ነው፤ ሲገኝ ሁለት ሦስት መያዝ ይሻላል።

ውጥረቱም ይስማማል። በ27 ኢንች ርዝመት የተሸጋገሩት ክሮች በተለመደው ጊታር ላይ ከነበራቸው ውጥረት በ12 በመቶ ብቻ በልጠው ይከራሉ። ባለ 24ቱ ክር ግማሽ ድምፅ ስለወረደ ውጥረቱ ሳይለወጥ ይቀራል።

ለስድስተኛው የቤዝ ጊታር ክር መቁረጥ ግን አያዋጣም። የቤዝ ክር ጫፉ ላይ ያለው ኳስ ትልቅ ስለሆነ የብሪጁ (ክሮቹ ሳጥኑ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት) ቀዳዳ በቀላሉ አያስገባውም። በግድ ቢገባ እንኳ ለ34 ኢንች የተሠራ ክር በ27 ኢንች ላይ ግትር ይሆናል፤ ድምፁ ይደነዝዛል፣ ከላይኛው ፍሬቶች ላይም ከቃና ይወጣል።

ክሩን ስትቀይሩ ነቱን ማየት አትርሱ። ነቱ ላይ ለእያንዳንዱ ክር ማረፊያ የሚሆን ቦይ አለ። ባለ 0.070 ክር 1.78 ሚሊ ሜትር ይወፍራል፤ ለ53 የተቆረጠ ቦይ 1.35 ሚሊ ሜትር ለሚሆን ክር የተዘጋጀ ነው። ቦዩ ሲጠበው መቃኛውን ስታዞሩ ድምፁ አይነቃነቅም፤ ከዚያ በድንገት ጧ ብሎ ከሚፈለገው አልፎ ይወጣል። መፍትሔው አሮጌ ወፍራም ክር ላይ ባለ 400 ቁጥር የአሸዋ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ወደ መቃኛዎቹ አዘንብሎ፣ ቦዩን ጥቂት ጥቂት ማስፋት ነው። የቦዩን ወለል ዝቅ አታድርጉት፤ የምታሰፉት ጎንና ጎኑን ነው። በመጨረሻ የእርሳስ ዱቄት ቀቡት።

«የእኛ ቅኝት በባሪቶን አይመጣም፤ ሁሉንም እንደ አዲስ መማር ያስፈልጋል»

ከሁሉም የተሳሳተው ይህ ነው፤ ባሪቶንን ለእኛ ሙዚቃ የሚያስመርጠውም እዚሁ ላይ ነው። ስድስቱን ክፍት ክሮች ተመልከቱ፦ ቢ፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ቢ። እነዚህ ከዲ የሚነሳ የትዝታ ሜጀር አምስቱ ድምፆች ናቸው፤ አንድም የጎደለ ወይም የተረፈ የለም። መነሻውን ወደ ቢ ብትወስዱት እነዚያው ድምፆች ባቲ ማይነር ይሆናሉ። ማለትም ጊታሩ ላይ የግራ እጃችሁን ሳታሳርፉ ቅኝቱ ውስጥ ናችሁ።

ትዝታ ማይነር ሲፈለግ ስድስተኛውን፣ ሁለተኛውንና አንደኛውን ክር እያንዳንዱን ግማሽ ድምፅ አውርዱ። ክሮቹ ቢ ፍላት፣ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ቢ ፍላት ይሆናሉ፤ ይህ ከዲ የሚነሳ ትዝታ ማይነር ነው። አራተኛውን ክፍት ክር ኤን መነሻ ስታደርጉት ደግሞ ያው ድምፅ አምባሰል ነው። አንቺሆዬ ግን በእነዚህ ሁለት አቃኛኘቶች በክፍት ክር አይመጣም፤ በፍሬት ላይ ተጭናችሁ ማውጣት አለባችሁ።

ጣቶቻችሁ የሚያውቁት የኮርድ ቅርፅም አይለወጥም። ስሙ ብቻ በአምስት ግማሽ ድምፅ ይወርዳል፦ የጂ ቅርፅ ዲ፣ የሲ ቅርፅ ጂ፣ የኤ ማይነር ቅርፅ ኢ ማይነር፣ የኢ ማይነር ቅርፅ ቢ ማይነር ይሆናል። የሚለወጠው የኮርዱ አደራደር ነው። የጂን ቅርፅ ሙሉውን ስትመቱ ከታች 73.4 ሄርዝ ዲ እና 92.5 ሄርዝ ኤፍ ሻርፕ ጎን ለጎን ይወድቃሉ። በዚያ ጥልቀት ሁለት ድምፆች እንዲህ ሲቀራረቡ እንደ ደፈረሰ ውሃ ነው፤ የትኛውም ለይቶ አይሰማም። ስለዚህ ስድስተኛውን ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ የያዘው ጣት ጋደል ብሎ በውስጥ ጎኑ አምስተኛውን ክር እንዲነካና እንዲያፍነው አድርጉ። የሚቀሩት ዲ፣ ኤ፣ ዲ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ዲ ጥርት ብለው ይወጣሉ። ለትዝታ አጀብ አውራ ጣት በዚህ ዲ እና በክፍቱ አራተኛ ክር ኤ መካከል እየተመላለሰ፣ ጠቋሚና መካከለኛው ጣት የላይኞቹን ሦስት ክፍት ክሮች ሲለቅሙ፣ ለድምፃዊው በቂ ቦታ ይተርፋል።

ክራር የሚቃኘው በዘፋኙ ወይም በዘፋኟ ድምፅ ልክ ስለሆነ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ አንድ ፍሬት ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ይኑራችሁ። ካፖው ሁለተኛው ፍሬት ላይ ሲሆን ትዝታው ከኢ፣ ሦስተኛው ላይ ከኤፍ፣ አምስተኛው ላይ ከጂ ይነሳል። ማሲንቆና ክራር ድምፆቹን ከፍሬት ልክ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ አድርገው ሊያስቀምጡ ይችላሉ። ፍሬት ያለው መሣሪያ ይህን መከተል አይችልምና፣ የተጋጨውን ድምፅ መዝለል ከመከራከር ይሻላል።

«ባሪቶን ካለ ቤዝ አያስፈልግም»

የቤዝ ጊታር ዝቅተኛ ክር 41.2 ሄርዝ ነው፤ የባሪቶን 61.7። መካከላቸው ሰባት ግማሽ ድምፅ አለ። ባሪቶን የቤዙን የላይኛውን ክፍልና የጊታሩን የታችኛውን ክፍል ነው የሚይዘው። ብቻውን ከድምፃዊ ጋር ሲሆን ሁለቱንም ሊሸፍን ይችላል። ቤዝ ክራር ባለበት ቡድን ግን ስድስተኛውን ክር ለቀቅ አድርጉትና ከአራተኛው ወደ ላይ ተጫወቱ፤ አለዚያ ሁለቱም ተሸፋፍነው የከበሮው ምት ይጠፋል።

«ወፍራም ድምፅ ትልቅ ሳጥን ይፈልጋል፤ በስልክ ሲሰማ እንዲያውም ቀጭን ነው»

የትልቅ አኮስቲክ ጊታር ሳጥን ውስጥ ያለው አየር የሚያስተጋባው 100 ሄርዝ አካባቢ ነው። የባሪቶኑ ዝቅተኛ ቢ ከዚያ በታች ስለሆነ፣ የትኛውም የተለመደ ሳጥን የ61.7 ሄርዙን መሠረታዊ ድምፅ በጉልበት አያወጣም። ጆሮ ጥልቀቱን የሚያገኘው ከላይ ካሉት ሃርሞኒኮች (የመሠረታዊው ድምፅ ብዜቶች)፣ ከ123ቱ፣ ከ185ቱና ከ247ቱ ነው። ከእነሱ ተነስቶ የታችኛውን ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ አዲስ ክር ያለው መካከለኛ ሳጥን፣ የሞተ ክር ካለው ትልቅ ሳጥን ይልቅ ጥልቅ ሆኖ ይሰማል። የስልክ ድምፅ ማጉያ ከ200 ሄርዝ በታች ደካማ ነው፤ በእሱ ባሪቶን መመዘን አይቻልም።

አዳራሽ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ስትጫወቱ የታችኛውን መጨመር አትቸኩሉ። ከ50 ሄርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፣ 100 አካባቢ ጥቂት ቀንሱ። ማጉያው የሚያጓራው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው የሳጥኑ ማስተጋቢያ ላይ ነው። የጊታሩን ቀዳዳ በጎማ ክዳን መድፈንም ይረዳል።

«ቲዩነሩ ዝቅተኛውን ቢ ስለማይዝ ጊታሩ ቃና የለውም»

ቲዩነሩ የሚቸገረው መሠረታዊው ድምፅ ደካማ ስለሆነ ነው። መጀመሪያ የጊታር ከሚለው ወደ ክሮማቲክ (ሁሉንም ድምፅ ወደሚያነበው) ቀይሩት፤ የጊታሩ ምርጫ የተለመዱትን ስድስት ድምፆች ብቻ ሊፈልግ ይችላል። መነሻው ኤ 440 መሆኑን አረጋግጡ። ሌሎቹን ክሮች በእጅ አፍኑ፣ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ በጣት ነክታችሁ በአውራ ጣት በቀስታ ምቱት። የሚወጣው 123.5 ሄርዝ ሃርሞኒክ ለቲዩነሩ ግልጽ ነው። ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ እያከረራችሁ ድረሱበት። በኃይል የተመታ ወፍራም ክር መጀመሪያ ከፍ ብሎ ይጀምርና ይወርዳል፤ ግማሽ ሰከንድ ያህል ጠብቃችሁ አንብቡ።

«ረጅም ጣት የሌለው ሰው አይችለውም»

የመጀመሪያው ፍሬት በተለመደው ጊታር ከነቱ 36.4 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ በ27 ኢንች ባሪቶን 38.5 ነው። ልዩነቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው። እስከ አራተኛው ፍሬት ቢለካም 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። 30 ኢንቹ ግን በእርግጥ ይከብዳል፤ ለትንሽ እጅ 27ቱን ምረጡ።

«ትክክለኛው ቲዩኒንግ ቢ ብቻ ነው»

ከኤ እስከ ኤ (ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ) የሚቃኙም አሉ፤ ክፍት ክሮቹ ከሲ የሚነሳ ትዝታ ሜጀር ይሰጣሉ። ነገር ግን ከቢ ወደ ኤ ስትወርዱ ሌላ 21 በመቶ ውጥረት ይጠፋል። 27 ኢንች ላይ ከሆናችሁ ክሩን ማወፈር ግድ ነው። አሜሪካዊው ጊታር ተጫዋች ፓት ሜቲኒ ካናዳዊቷ ጊታር ሠሪ ሊንዳ ማንዘር በሠራችለት ባሪቶን የመካከለኞቹን ሁለት ክሮች በቀጭን ቀይሮ አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጎ ይቃኛቸዋል። መካከሉ ስለሚከፈት ኮርዱ አይደፈርስም፤ ለድምፃዊ አጀብ መሞከር ያለበት ነው።

«ዝዝ ካለ ጊታሩ ተበላሽቷል»

አብዛኛውን ጊዜ ወቅቱ ነው። በክረምት የጣና ዳር አየር እርጥብ ሲሆን የፊት ጣውላው ያብጣል፣ ክሮቹ ከፍ ይላሉ፣ መጫን ይከብዳል። በበጋ፣ በተለይ ከጥር እስከ መጋቢት፣ እንጨቱ ይሸበሸባል፣ ክሮቹ ዝቅ ይላሉ፤ ሰፊ የሚወዛወዘው ስድስተኛ ክር መጀመሪያ ዝዝ ይላል። ጊታሩ የሚስማማው ከ45 እስከ 55 በመቶ ባለ እርጥበት ነው። በበጋ በጊታሩ መያዣ (ኬዝ) ውስጥ እርጥብ ስፖንጅ ቀዳዳ ባለው የሳሙና መያዣ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ ስፖንጁ እንጨቱን እንዳይነካ ጠብቁ።

አንገቱን ለመመርመር ካፖውን የመጀመሪያው ፍሬት ላይ አድርጉ፤ ስድስተኛውን ክር አንገቱ ከሳጥኑ በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ተጫኑ። ከዚያ በክሩና በሰባተኛው ፍሬት መካከል ከእሽጉ ያስቀራችሁትን ባለ 0.012 ክር አስገቡ፤ ውፍረቱ 0.3 ሚሊ ሜትር ነው። ክሩን ሳያነሳ ለስለስ ብሎ ካለፈ አንገቱ ደህና ነው። ካልገባ አንገቱ ቀጥ ብሏል፤ ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን ማስተካከያ ብረት) ወደ ግራ ሩብ ዙር ብቻ አላልታችሁ እንደገና ለኩ። በሰፊው ከዋለለ ወደ ቀኝ ሩብ ዙር አጥብቁ። 12ኛው ፍሬት ላይ ስድስተኛው ክር ከፍሬቱ 2.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከፍ ቢል ለባሪቶን ጥሩ ነው።

ወደ ዘጌ በጀልባ ስትሻገሩ ወይም መኪና ዳር አቁማችሁ ስትውሉ ጊታሩን ፀሐይ ላይ አትተዉት። ሙጫው ሲለሰልስ የክሮቹ ጉልበት ብሪጁን ከኋላ በኩል ያነሳዋል። ከብሪጁ ኋላ ጠርዝ ሥር ቀጭን ወረቀት ለማስገባት ሞክሩ፤ ከገባ ክሮቹን ሁሉ አላሉና ለጠጋኝ አሳዩት፤ እስኪጣበቅ ድረስ ወደ ቢ አታክርሩት።