እጥበት የጀመረ ሰው ፕሮቲን ይቀንስ ወይስ ይጨምር?
የኩላሊት እጥበት ከመጀመሩ በፊት «ፕሮቲን ቀንስ» ይባል የነበረ ሕመምተኛ፣ ከጀመረ በኋላ «ጨምር» ተብሎ የሚጠጣ አልሚ ማሟያ ሲታዘዝለት ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ሁለቱም ምክሮች ግን በየጊዜያቸው ትክክል ናቸው። የደከመ ኩላሊት ከፕሮቲን የሚመጣውን ቆሻሻ ማስወገድ ስለሚያቅተው መቀነሱ ያግዘዋል፤ እጥበቱ ሲጀመር ግን ማሽኑ ከቆሻሻው ጋር የፕሮቲን መሥሪያ የሆኑትን አሚኖ አሲዶች አብሮ ስለሚወስድና የምግብ ፍላጎትም ብዙ ጊዜ ስለሚዘጋ፣ ሰውነት የገዛ ጡንቻውን እያፈረሰ ይከሳል። በ2020 የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የኩላሊት ፋውንዴሽን መመሪያ በእጥበት ላይ ላለ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመክራል፤ ይህም 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም ነው። የአመጋገብ ምክር ብቻውን ካልበቃ ማሟያው ቢያንስ ለ3 ወር ይሞከራል።

ማሟያ ማለት ምትክ ማለት አይደለም። ከምግብ በፊት ከተጠጣ ገበታውን ስለሚያስቀር፣ ከተበላ በኋላ ቆየት ብሎ መውሰዱ ይሻላል። ለስፖርተኞች የሚሸጥ ዱቄት ሁሉም ለዚህ አይሆንም፤ የፖታሲየምና የፎስፈረሱ መጠን በሐኪም ወይም በሥነ ምግብ ባለሙያ መታየት አለበት። የሚጾም ሕመምተኛም ጾሙን አስቀድሞ ለሐኪሙ ቢነግር የሚስማማው ይመረጥለታል።