ስካወር ምንድን ነው? ወንዝ የድልድይን እግር እንዴት ይበላል?

ክረምት ላይ የቦርከና ወንዝ ሲሞላ ኮምቦልቻ ውስጥ ሰው ድልድይ ላይ ቆሞ ያየዋል። ውሃው ደፍርሶ ይወርዳል፣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ይሰማል። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ "ዛሬ ድልድዩን ያልፈው ይሆን?" እኔ ግን የሚያስፈራኝ ሥሩ ነው።

መሐንዲሶች ስካወር ይሉታል። የእኛ ሰው "ውሃው ሥሩን በላው" ይላል፤ እውነት ለመናገር የኛው አባባል ይበልጥ ይገልጸዋል። ወንዙ ከድልድዩ እግርና ከዳር ግንቦቹ ሥር አሸዋውን፣ ጠጠሩንና አፈሩን ጠርጎ ይወስዳል ማለት ነው። አርማታው ሳይሰነጠቅ፣ ፌሮው ሳይዝግ፣ ድልድዩ የቆመበት መሬት ይሄዳል። በዓለም ላይ ድልድዮችን ከሚጥሉ ነገሮች ግንባር ቀደሙ ይህ ነው።

ልጅ ሆነን ወንዝ ውስጥ በባዶ እግር ስንቆም ተረከዛችን ሥር ያለው አሸዋ እየሸሸ እንሰምጥ ነበር። ነገሩ ያው ነው። ውሃው ከምሰሶው ጋር ሲላተም ማለፊያ ያጣና ወደ ታች ይወርዳል። ታች ሲደርስ ይቆፍራል፣ ከዚያ በምሰሶው ግራና ቀኝ እየተሽከረከረ ያልፋል። የቆፈረውንም ይዞት ይሄዳል። ድልድዩ አጭር ሆኖ ወንዙን ካጠበበው ደግሞ ይብሳል፤ የጠበበ ውሃ ይፈጥናል፣ የፈጠነ ውሃ ወለሉን በሙሉ ይዝቃል።

ቦርከና ለዚህ የተመቸ ወንዝ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመኪና ሐረጎን ወርደን 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ የምንጨርሰውን ቁልቁለት ወንዙም በገደል ውስጥ ይወርደዋል። ጉልበቱ ከዚያ ነው። ላይ ከተማው ሲሰፋ ደግሞ ቆርቆሮውና አስፋልቱ ይበዛል፤ መሬት ይመጠው የነበረው ዝናብ ቶሎ ወንዝ ይገባል። ስለዚህ ዛሬ የሚመጣው ጎርፍ የድሮ ድልድይ ሲሠራ የታሰበው ጎርፍ ላይሆን ይችላል።

ጭነቱም ተለውጧል። ከአዲስ አበባ በደሴ አስመራ የሚዘልቀውን መኪና መንገድ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ባለው ጊዜ ሲሠራ የዘመኑ ካሚዮን የሚጭነው ጥቂት ቶን ነበር። ዛሬ ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ ኮምቦልቻ የሚገባ ተሳቢ ከ40 ቶን ሊያልፍ ይችላል።

አሸዋ ማውጣትም አለ። ከወንዝ አሸዋ ሲዛቅ ወለሉ ዝቅ ይላል፣ የድልድዩ መሠረት ይጋለጣል። ፖርቱጋል ውስጥ ዕድሜው ከ100 ዓመት ያለፈ ድልድይ በእኛ አቆጣጠር በ1993 በጎርፍ ተደርምሶ 59 ሰው ሞቷል። ለዓመታት አሸዋ መውጣቱ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥም በ1979 የአንድ ትልቅ አውራ ጎዳና ድልድይ ምሰሶ ሥሩ ተበልቶ ወድቆ 10 ሰው ሞቷል።

አንድ ነገር ግን በደንብ እንዲታወቅ እፈልጋለሁ። ወንዙ የቆፈረውን ጉድጓድ ራሱ ይሸፍነዋል። ጎርፉ ሲበረታ ይቆፍራል፤ ሲረጋጋ ያመጣውን ልል አሸዋ እዚያው ይሞላዋል። ኅዳር ላይ ወርዶ ያየ ሰው ደህና ወለል ነው የሚያየው። ስለዚህ ፈታሽ በዓይኑ አይተማመንም፣ ሹል ብረት ይወጋል። ብረቱ ያለ ድካም ከገባ አሸዋው የቅርብ ነው፤ ምሰሶውንም አይሸከምም።

ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ትልልቅ ድንጋይ ይደረደራል፣ ጋቢዮን (በሽቦ መረብ የተሞላ ድንጋይ) ይታሰራል። ይህ ለጊዜው ያቆየዋል። መሠረቱ ራሱ ጥልቀት ከሌለው ግን የሚሻለው መቀየር ነው። አዲሱ ድልድይ ፓይሉ፣ ማለትም መሬት ውስጥ ጠልቆ የሚገባው የመሠረት ምሰሶ፣ ውሃ ሊቆፍር ከሚችለው በታች ወርዶ ጠንካራ መሬት ይይዛል። ረጅም ሆኖ ለወንዙ ቦታ ይለቅለታል፣ ውሃ ውስጥ የሚቆሙት እግሮቹም ያንሳሉ።

እስኪያልቅ መንገዱ አይዘጋም፤ ብዙ ጊዜ አዲሱ ከአሮጌው አጠገብ ይሠራል። ዓባይ በረሃ ላይ በ2000 መጨረሻ የተመረቀው 303 ሜትሩ የሕዳሴ ድልድይ እንዲህ ነው። በ2016 የተመረቀው 380 ሜትሩ የባሕር ዳር ድልድይም የቆየውን ለማገዝና ለመተካት የመጣ ነው።

አሮጌውን ለትዝታ እናቆየው የሚል ሰው ይኖራል፣ እኔም የድንጋይ ግንብ ድልድይ ሲፈርስ አልወድም። ነገር ግን የአሮጌው እግሮች ወንዙ ውስጥ ከቀሩ ውሃውን እየጠመዘዙ የአዲሱ ምሰሶ ላይ ሊመሩት ይችላሉ። ሊቀር ከሆነ የውሃው አመራር አብሮ ይሰላል። አለበለዚያ እግሮቹ እስከ ወለሉ ይቆረጣሉ።